ከሐረር እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፦ ርቀቱና የሚወስደው ጊዜ

በድሬዳዋና በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ ወደ 540 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ጉዞው በተለምዶ በአዲስ አበባ በኩል ስለሚደረግ በአየር ላይ የሚሸፈነው ርቀት ወደ 680 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ሁለቱ በረራዎች በድምሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስዱም፣ ከሐረር ፈላና በር የሚነሣ መንገደኛ ከሰባት ሰዓት በላይ መመደብ ይኖርበታል።

እስከ ድሬዳዋ

ሐረር የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ቅርቡ በድሬዳዋ የሚገኘው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ስሙ የተሰጠው የራስ መኮንን ልጅና የሐረር ገዢ ለነበሩት ለደጃዝማች ይልማ መታሰቢያ ነው። ፈላና በር ከጀጎል ግንብ በስተሰሜን ቢገኝም፣ የድሬዳዋ መኪና የሚወጣው በምዕራብ በኩል ነው። መንገዱ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ የደንገጎን ቁልቁለት ይወርዳል። ርዝመቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በደኅናው ጊዜ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በአወዳይ የጫት ገበያ መጨናነቅ ወይም በቁልቁለቱ የከባድ መኪና ሰልፍ ሲያጋጥም ግን ይረዝማል።

በአየር ላይ

ከድሬዳዋ እስከ ቦሌ 345 ኪሎ ሜትር፣ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 335 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ መዘጋጀቱ ጊዜ ስለሚወስዱ፣ አጭር በረራ በርቀቱ ልክ አያጥርም።

የሰዓቱ ስሌት

• ከሐረር ድሬዳዋ ከመጠባበቂያ ጋር፦ 1 ሰዓት ከ30
• ከበረራ በፊት ለፍተሻና ለምዝገባ፦ 2 ሰዓት
• ድሬዳዋ–ቦሌ፦ 1 ሰዓት
• ቦሌ ላይ ቆይታ፦ 2 ሰዓት (እንደ በረራው መርሐ ግብር ይለያያል)
• ቦሌ–ባሕር ዳር፦ 1 ሰዓት

ድምሩ 7 ሰዓት ተኩል ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው በአንጻሩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ መንገድ ላይ አድሮ በሁለተኛው ቀን ይደርሳል።

ቲኬት ሲቆረጥ

በቲኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። «10፡00» የሚለው ጧት 4 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 10 ሰዓት አይደለም፤ ይህን ያላስተዋለ መንገደኛ በስድስት ሰዓት ይዘገያል። ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት መቁረጥም ይመከራል። ቲኬቶቹ ለየብቻ ከተቆረጡ፣ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ ሁለተኛው ሊያመልጥና የከፈሉት ገንዘብ ሊባክን ይችላል። የሕክምና ቀጠሮ ወይም የፈተና ቀን ያለበት ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ቢነሣ ይመረጣል።