የሚያሳይ መነጽርና የሚጠብቅ መነጽር

የዛሬው ወጋችን ስለ መነጽር ነው። «ስለ መነጽር ደግሞ ምን የሚወራ አለ?» እንዳትሉን። የመጣንበት አገር ወንዱም ሴቷም በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ጠመንጃ የሚይዙበት አገር ነው። ከዚያም በፊት በዒላማ ተኩስ ስፖርት ክበብ የሚመዘገቡ ልጆች አሉ። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ደግሞ ጥርት አድርገው ለማየት መነጽር የሚያስፈልጋቸው ጥቂት አይደሉም። ወላጅም «የኔ ልጅ መነጽር አለው፤ ዓይኑ ተጠብቋል» ብሎ ልቡን ያሳርፋል።

ነገር ግን የሚያሳይ መነጽር ሁሉ የሚጠብቅ መነጽር አይደለም። ይህን ለማወቅ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ የብዙ ሰው ዓይንም ጠፍቶበታል። እንዴት እንደሆነ ታሪኩን አብረን እንይ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከራሳችን እንነሣ። አባቶቻችን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስታቸውን እንዳጡ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በእጅ ሙያ ከሚተዳደሩት ቤተ እስራኤሎች ብዙዎቹ አንጥረኞች ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሚሠራው ቀጥቃጭ ወናፉ ከሰሉን ሲያግለው፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ በመዶሻ ይመታ ነበር። ብረቱ በተመታ ቁጥር ፍንጣሪ ይወጣል። በፍንጣሪውና በሰውየው ዓይን መካከል ከሽፋሽፍቱ በቀር አንዳች ነገር አልነበረም። የሚገርመው ነገር ጎረቤቱ ያንኑ ሰው «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል» እያለ ይፈራው ነበር። በእውነት አደጋ ላይ የነበረው ግን የአንጥረኛው የራሱ ዓይን ነው።

ከመዶሻ ወደ ነፍጥ እንሻገር። በ1541 ወደ አራት መቶ የሚሆኑ ፖርቱጋሎች ነፍጥ ይዘው ምጽዋ በወረዱ ጊዜ፣ የያዙት መሣሪያ በክብሪት ገመድ የሚለኮስ ነበር። ባሩዱ የሚቀጣጠለው ከተኳሹ ጉንጭ ብዙም ሳይርቅ ነው። እሳቱ ቦግ ሲል ፊቱን የሚያዞር ተኳሽ ዒላማውን ይስታል፤ የማያዞር ደግሞ ዓይኑን ለእሳት ይሰጣል። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1874 ፈረንሳይ ያወጣችው፣ በእኛ አገር «ውጅግራ» የተባለው ጠመንጃ መጣ። በዚህኛው ባሩዱ ቀለህ ውስጥ ስለገባ አደጋው ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ቀለህ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጋለ አየርና የብረት ቁራጭ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ውጅግራና ሌሎችም ጠመንጃዎች በዐድዋ የተተኮሱት በመጋቢት 1896 ነው። በሚቀጥለው ወር በአቴና ከተማ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ሲከፈት የዒላማ ተኩስ ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። ስለዚህ የዒላማ ተኩስ እንደ ስፖርት ረጅም ዕድሜ አለው። በዐድዋም ሆነ በአቴና ግን የተኳሽን ዓይን የሚጠብቅ፣ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት መነጽር ገና አልተሠራም ነበር።

መነጽር ራሱ ያን ጊዜ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ጣሊያን አገር በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ተሠርቷል። መጀመሪያ የተሠራው በቅርብ ማንበብ ላቃታቸው ሽማግሌዎች ነው። ሩቅ ለማየት ለሚቸገሩ የሚሆነው በ15ኛው መቶ ዓመት ተከተለ። አብዛኛው ግን ከመስተዋት የተሠራ ነው። መስተዋት ሲመታ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከሁላችን ቤት የተሰወረ አይደለም። ለማየት የተሠራው ያ መነጽር አንድ ፍንጣሪ ሲያገኘው ራሱ ስለት ሆኖ ዓይን ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ችግር ይህ ነበር፤ የሚያሳየው መነጽር ራሱ ይጎዳል።

በዓይን መጠበቂያው በኩል ሌላ ታሪክ ይሄድ ነበር። በ1880 በአሜሪካ ፓወል ጆንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ፣ እቶን አጠገብ የሚሠሩ ሰዎችን ዓይን ከኃይለኛ ብርሃን የሚከላከል መሸፈኛ ሠርቶ የፈጠራ መብት አግኝቷል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ፋብሪካዎች በሙቀት የጠነከረ ወፍራም መስተዋት ለሠራተኞቻቸው መስጠት ጀመሩ። እነዚህ ዓይንን ከቀድሞው የተሻለ ይጠብቃሉ፤ ግን ይከብዳሉ። የከበደውን መነጽር ሠራተኛው አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። ሁለተኛው ችግር ይህ ነው፤ የሚጠብቀው መነጽር አይደረግም።

ሁለቱን ታሪኮች ያገናኛቸው ፕላስቲክ ነው። በ1940ዎቹ ከመስተዋት በግማሽ ያህል የሚቀል ፕላስቲክ ሌንስ ተሠራ። ይህ ዛሬም በየመነጽር ቤቱ በብዛት የሚሸጠው ተራ ሌንስ ነው። ከዚያ በ1953 አንድ ጀርመናዊና አንድ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቃውንት፣ ሄርማን ሽኔልና ዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ፕላስቲክ አገኙ። ፖሊካርቦኔት ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ይለመጣል እንጂ እንደ መስተዋት አይበታተንም። ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች የራስ ቁር የተሠራው ከዚሁ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻም በሐኪም ልክ የሚቀረጽ የዓይን ሌንስ ለመሆን በቃ።

ሕጉስ? ከ1972 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ማናቸውም የዓይን መነጽር 16 ግራም የምትመዝን የብረት ኳስ ከ127 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስትወድቅበት እንዳይሰበር ታዘዘ። ይህ ለተራ መነጽር የሚበቃ ፈተና ነው። ዜድ 87 የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ዓይን መጠበቂያ ደረጃ ግን በጠንካራው ፈተናው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ግማሽ ኪሎ ሹል ብረት ከዚያው ከፍታ ይወድቅበታል፤ ደግሞም 6 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል የሆነች የብረት ጥይት በሰከንድ 46 ሜትር ያህል ፍጥነት ትተኮስበታለች። ለወታደር የሚሠራው መነጽር ፈተና ከዚህም ይብሳል። አያችሁ ልዩነቱን? ሁለቱም «መነጽር» ይባላሉ፤ የሚችሉት ግን አንድ አይደለም።

የዚህች አገር ጦርነቶችም የራሳቸውን ትምህርት ጽፈዋል። ዓይን ከፊት ለፊት ከሚታየው የሰው አካል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሆኖም በ1973ቱ የዮም ኪፑር ጦርነትና በ1982ቱ የሊባኖስ ጦርነት ከቆሰሉት የእስራኤል ወታደሮች መካከል ከመቶ ወደ ሰባት የሚጠጉት የቆሰሉት ዓይናቸው ላይ እንደነበረ ሐኪሞች መዝግበዋል። ዓይንን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ጥይት ሳይሆን ትንሽ ስብርባሪ ነው፤ እጅ ላይ ቢያርፍ በፋሻ የሚታለፍ ነገር። እንዲህ ያለውን ስብርባሪ ነው ሁለት ሚሊ ሜትር ፖሊካርቦኔት ሊያቆመው የሚችለው።

እንግዲህ ታሪኩ ወደ እናንተ ቤት ደረሰ። በተኩስ ሜዳ፣ በዕብራይስጥ «ሚትቫህ» በሚሉት ቦታ፣ ጦርነት የለም። ነገር ግን የጋለ ቀለህ ከጎን ካለው ሰው ጠመንጃ ይወረወራል፤ ያልተቃጠለ ባሩድ ይበተናል፤ ብረት ዒላማ የመታ እርሳስ ተፈናጥሮ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ተኳሾች ሁሉ የማይበታተን መነጽር እንዲያደርጉ አጥብቆ ይመክራል። ታዲያ ሩቅ የማያይ ልጅ ምን ያድርግ? መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው፣ የዓይን መጠበቂያው ሌንስ ራሱ በልጁ ልክ ተቀርጾ መሠራት ነው። ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለተኛው፣ በልክ የተሠራች ትንሽ መነጽር ከመጠበቂያው በስተ ጀርባ የምትሰካበት ነው። የልጁ ልክ ሲቀየር የምትቀየረው ትንሿ ብቻ ናት። ሦስተኛው፣ ከተራው መነጽር በላይ የሚደረግ ሰፊ መጠበቂያ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ይጨፈግጋል፣ ይንሸራተታል። ለአንድ ቀን ልምምድ ይበቃል፤ በየሳምንቱ ለሚተኩስ አይመከርም። ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ደግሞ ያሳያል እንጂ ከቶ አይጠብቅም፤ በላዩ መጠበቂያ ያስፈልገዋል።

መነጽር ቤት ስትገቡ «ሚሽካፋዪም» ብቻ አትበሉ፤ «ሚሽከፌ ማገን» በሉ፤ የዓይን መጠበቂያ መነጽር ማለት ነው። «ለዒላማ ተኩስ ነው፤ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ይሁን» ብላችሁ አስረዱ። ሌላ ትራይቬክስ የሚባል ሌንስም አለ፤ ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ልኩ ከባድ ለሆነ ዓይንም ብዙ ጊዜ የጠራ እይታ ይሰጣል። ጠንካራ ሌንስ በደካማ ፍሬም ውስጥ ከገባ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ሲመታ ሌንሱ ወደ ዓይን ይወድቃልና። ስለዚህ ምልክቱን በፍሬሙም በሌንሱም ላይ ፈልጉ። የአሜሪካው ዜድ 87 ነው፤ የመደመር ምልክት ከተጨመረበት ጠንካራውን ፈተና ያለፈ ነው። ጎኑ የተሸፈነ፣ ከቅንድብ በላይ ክፍተት የሌለው ይሁን፤ የጋለ ቀለህ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከላይ ነውና።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር እንጨምር። ጠመንጃ የሚያነጣጥር ሰው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ የሚያየው በሌንሱ መካከል ሳይሆን ወደ አፍንጫው በተጠጋው የላይኛ ጥግ በኩል ነው። ሌንሱ በዚያ ቦታ ጥርት አድርጎ ካላሳየ ልጁ «ማነጣጠር አልችልም» ብሎ መነጽሩን ያወልቃል። ስለዚህ ባለሙያው የልጁን አነጣጠር በባዶ እጅ አሳይቶት ይለካው። አርባ ዓመት ያለፋችሁ ደግሞ የፊት ማነጣጠሪያው ይደበዝዝባችኋል። ከዓይናችሁ እስከ ማነጣጠሪያው ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ሂዱ፤ ወደ መነጽር ቤት የሚኬደው ልኩን ይዞ እንጂ መሣሪያውን ይዞ አይደለም።

የቀለም ነገር ብዙ አያሳስባችሁ። ቢጫ ሌንስ በደመና ቀን ይረዳል ይባላል፤ ጥቁሩ ለፀሐይ ነው፤ በቤት ውስጥ ለሚተኮስ ነጩ ይበቃል። ቀለም ግን ጥንካሬ አይጨምርም። ፖሊካርቦኔት አንድ ድካም አለው፤ በቀላሉ ይጫጫራል። የክርያት ያም ባሕር ዳር አሸዋ የተነፋበትን መነጽር በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉት፤ አስቀድማችሁ በውኃ እጠቡት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስነኩት፤ ያደክመዋል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ወይም የተሰነጠቀ መነጽር ደኅና ቢመስልም ይቀየር።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ዕቃ ብቻ ለማውራት አይደለም። ዓይኑ የሚደክም ልጅ ብዙ ጊዜ ይደብቃል። ጓደኞቹ እንዳይስቁበት፣ በጦሩም ከሚመኘው ክፍል እንዳይቀር ይፈራል። በመጀመሪያው ጥሪ፣ በ«ጻቭ ሪሾን» ምርመራ ጊዜ፣ ፊደሎቹን ከፊቱ ከቆመው ልጅ ሰምቶ በቃሉ ሊል የሚሞክርም አይጠፋም። እናት አባት ሆይ፣ ልጃችሁ ቴሌቪዥን ሲያይ ዓይኑን የሚያጨፈግግ ከሆነ አስቀድማችሁ አስመርምሩት። በልጅነቱ በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ለተኩስ ብቻ ሳይሆን በየቀኑም ፖሊካርቦኔት ማድረግ ይገባዋል፤ መለዋወጫ የለውምና። በፋብሪካ የምትሠሩ ወላጆችም ይህ ለእናንተም ነው። መዶሻና መፍጫ ባለበት ሁሉ የአንጥረኛው ፍንጣሪ ዛሬም አለ።

ምናልባት አደጋ ቢደርስ ዓይኑን አታሹ፣ አትጫኑ፣ የገባውንም ነገር ለማውጣት አትሞክሩ። ዓይኑን ሳይነካ በወረቀት ኩባያ ሸፍናችሁ 101 ደውሉ፤ ያለዚያም ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

አባቶቻችን በባዶ ዓይን ብረት የቀጠቀጡት የተሻለ ነገር ስላልነበራቸው ነው። ለእኛ ግን አለን፤ በላይኛው ገሊላ በኪቡጽ ሻሚር ከ1972 ጀምሮ የዓይን ሌንስ ፋብሪካ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ልጁ ወደ ተኩስ ሜዳ ከመሄዱ በፊት ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። በደኅና ሰንብቱ።