የድምፅ መስጫ ማሽን፦ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ድምፁን ማን ያየዋል?

ከደባርቅ እስከ በየዳ ባሉ ከተሞች ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል የተለመደ ሆኗል። ስለዚህም ምርጫ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፦ ገንዘባችንን ለስልክ ካመንን፣ ድምፃችንን ለማሽን ብናምን ምን ይጎድላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ስለ ቴክኖሎጂ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡን ማን ሊያመሳክር ይችላል ከሚለው ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

በኢትዮጵያ እስከ 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድረስ ድምፅ የተሰጠው በወረቀት ነው። መራጩ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አጥፎ ኮሮጆ ውስጥ ይጨምራል፤ ቆጠራው ታዛቢዎችና የፓርቲ ወኪሎች ባሉበት በዚያው በምርጫ ጣቢያው ይከናወናል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለ7ኛው ጠቅላላ ምርጫ ዲጂታል አሠራርን ያስገባው በመራጮችና በእጩዎች ምዝገባ ላይ ነው። ምዝገባና ድምፅ አሰጣጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በወሬ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ።

የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ መስጫ ማሽን የሚባለው መራጩ በወረቀት ፈንታ ቁልፍ ወይም የመስታወት ገጽ ተጭኖ የሚመርጥበት መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ድምፁን በውስጡ ብቻ ይይዛል። አንዳንዱ ወረቀት አትሞ ለመራጩ ያሳያል። ሌላው ደግሞ በእጅ ምልክት የተደረገበትን ወረቀት አንብቦ የሚቆጥር ነው። በዓለም ላይ ክርክር የበዛበት የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አንድ ገበሬ ገብስ ሸጦ 5,000 ብር በስልኩ ቢላክለት መልእክት ይደርሰዋል፤ ቀሪ ሒሳቡን ያያል፤ ቢጎድል ስሙን ጠቅሶ ይከራከራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሒሳቡ በስሙ ስለተመዘገበ ነው። ድምፅ ግን ምስጢር ነው። መዝገቡ “እገሌ እገሌን መረጠ” ብሎ እንዳይዝ ሕግ ያስገድዳል፤ እንዲያ ባይሆን መራጩን አስፈራርቶ ወይም ገዝቶ “መረጃህን አሳየኝ” ማለት ይቻል ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ድምፅ ቢያሳስት ተበዳዩ መበደሉን እንኳ አያውቅም። የእቁብ ዕጣ አባላት በተሰበሰቡበት የሚወጣው ሁሉም በዓይኑ እንዲያይ ነው፤ ጸሐፊው ቤቱ ሄዶ ዕጣ አውጥቶ ቢመጣ፣ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ፣ ማንም አይቀበለውም። በውስጡ ብቻ የሚቆጥር ማሽንም የሚያስነሣው ቅሬታ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስሕተት እንዲፈጠር ደግሞ የግድ ክፉ ሰው አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጂየም ብራስልስ አጠገብ ባለችው ስካርቤክ በተደረገ ምርጫ አንዲት እጩ ሊኖራት ከሚችለው በላይ ድምፅ አገኘች ተባለ። ሲጣራ ትርፉ ልክ 4,096 ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር 2 በራሱ 12 ጊዜ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር በ0 እና በ1 ስለሚይዝ፣ በማስታወሻው ውስጥ አንዲት 0 ወደ 1 ብትገለበጥ ይህን ያህል ድምፅ ከባዶ ይፈጠራል። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ገልብጧት ይሆናል የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ተነግሯል፤ በእርግጠኝነት ግን አልተረጋገጠም። ጉዳዩ የታወቀው ቁጥሩ ከሚቻለው በላይ ስለሆነ ነው። በሌላ እጩ ላይ ቢሆንና ቁጥሩ አሳማኝ ቢመስል ኖሮ ማን ይጠረጥር ነበር? ያዳናቸው መራጮቹ ድምፃቸውን የሰጡባቸው መግነጢሳዊ ካርዶች ተቀምጠው መቆየታቸውና ዳግም መቆጠራቸው ነው።

ሆን ተብሎ የሚደረገውን በተመለከተ የኔዘርላንድስ ታሪክ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የድምፅ መስጫ ኮምፒውተርን የሚቃወሙ ዜጎች በአገሪቱ በሥራ ላይ የነበረውን ማሽን ከፍተው፣ የውስጡን ፕሮግራም በደቂቃዎች መለወጥ እንደሚቻል በቴሌቪዥን አሳዩ። ይባስ ብለው ቼዝ አጫወቱት። ከማሽኑ የሚወጣውን የሬዲዮ ሞገድ ከርቀት በመያዝም መራጩ ማንን እንደመረጠ ፍንጭ ማግኘት እንደሚቻል ታየ። አገሪቱ ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሰች። አየርላንድ ተመሳሳይ ማሽኖችን ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥታ ገዝታ፣ ከጥቂት ሙከራ በቀር ሳትጠቀምባቸው በ2012 በ70,000 ዩሮ ገደማ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጠቻቸው።

የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መጋቢት 3 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ ከሁሉም በላይ ለተራው ዜጋ የሚቀርብ ይመስለናል። ፍርድ ቤቱ ማሽኖቹ ተጭበርብረዋል አላለም። ያለው፣ ማንኛውም ዜጋ ልዩ የቴክኒክ ዕውቀት ሳይኖረው የምርጫውንና የቆጠራውን ዋና ዋና ደረጃዎች መከታተል መቻል አለበት ነው። በዚህ መመዘኛ የበየዳ ገበሬና የበርሊን ፕሮፌሰር እኩል ናቸው፤ ወረቀት ሲቆጠር ሁለቱም ያያሉ፤ የማሽኑን ሆድ ግን ሁለቱም አያዩም።

ማሽን የሚሳካለት የለም ማለት ግን አይደለም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1982 በኬረላ ግዛት ሞክራው፣ ከ2004 ጀምሮ ጠቅላላ ምርጫዋን በማሽን ታካሂዳለች። መሣሪያው በባትሪ ይሠራል፤ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ በደቂቃ ከተወሰነ ድምፅ በላይ ስለማይቀበል ኮሮጆ ነጥቆ በጅምላ መሙላትን ያስቸግራል። ያም ሆኖ ጥርጣሬው ስላልበረደ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የወረቀት ማረጋገጫ እንዲገባ አዘዘ። መራጩ ቁልፉን ሲጫን የመረጠው ምልክት የታተመበት ወረቀት ከመስታወት ጀርባ ለ7 ሰከንድ ይታየውና ወደ ታሸገ ሳጥን ይወድቃል። በኋላም በእያንዳንዱ የክልል ምክር ቤት የምርጫ ክልል በዕጣ የሚመረጡ የ5 ጣቢያዎች ወረቀት ከማሽኑ ቁጥር ጋር እንዲመሳከር ተወሰነ።

በአህጉራችን ናሚቢያ የህንድን ማሽን ገዝታ በ2014 ተጠቀመች፤ ግን ያለ ወረቀት ማረጋገጫ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። አገሪቱ በ2024 ጠቅላላ ምርጫዋን በወረቀት ስታካሂድ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀት አለቀባትና በአንዳንድ ጣቢያዎች የምርጫ ቀን ተራዘመ። በዴሞክራቲክ ኮንጎ በታኅሣሥ 2018 ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት ኪንሻሳ ውስጥ መጋዘን ተቃጥሎ 8,000 ገደማ ማሽኖች ወደሙ። ሌላ ማሽን በሳምንት ውስጥ ከየት ይመጣል?

ጎረቤታችን ኬንያ ድምፅ የምትሰጠው በወረቀት ነው፤ ውጤቱን ግን በኤሌክትሮኒክስ ታስተላልፋለች። የ2017ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሲሻር ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የውጤት አስተላለፉ ግድፈት ነበር፤ ምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሮቹን ፍርድ ቤቱ ባዘዘው መጠን ክፍት አላደረገም። በ2022 ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ የጣቢያ ውጤት ቅጾችን ፎቶ ሁሉም እንዲያየው በይፋ ለቀቀ፤ ጋዜጠኛውም ተማሪውም ራሱ ደመረ።

ወረቀትም ጣጣ አለው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ በአንዳንድ ጣቢያዎች ወረቀት አጥሯል፤ የድምፅ መስጫው ሰዓትም ተራዝሟል። በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ደግሞ በሕትመት ጉድለትና በምዝገባ አቤቱታ ምክንያት ምርጫው ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተሸጋግሯል። ምልክቱ ያለቦታው የተደረገ ወረቀትም ዋጋ አልባ ይሆናል፤ ይህ ፊደል ባልቆጠሩ አረጋውያን ላይ ይበረታል። ማሽን ይህን ይቀንሳል፤ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ዓይነ ስውሩ ያለ ረዳት ይመርጣል።

ሆኖም መኪና በማይደርስባቸው የስሜን ተዳፋት ቀበሌዎች፣ ክረምት በሚገባበት በሰኔ፣ ማሽን ማለት ባትሪ፣ መለዋወጫና የሚጠግን ባለሙያ ጭምር ማለት ነው። ወረቀት ቢረጥብ ይደርቃል፤ የተበላሸ ማሽን ግን ደባርቅ ድረስ ይወርዳል። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲጓዝ ማን ይጠብቀዋል፣ ማሸጊያውን ማን ያያል የሚለውም አለ።

ለጊዜው ለነዋሪው የሚቀርበው የምዝገባው ጉዳይ ነው። ስልክ የሌለው፣ ኔትወርክ የማይደርሰው ወይም የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣ ሰው እንዴት እንደሚመዘገብ በቅድሚያ የቀበሌውን የምርጫ አስፈጻሚ መጠየቅ ይገባዋል። በዲጂታል መዝገብ ስሙ የተሳሳተ ወይም የጠፋ መራጭ ነገሩን የሚያውቀው በድምፅ መስጫው ዕለት ከሆነ ዘግይቷል። የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ እይታ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ሄዶ የራስንና የቤተሰብን ስም ማየት፣ የጎደለ ካለም ወዲያውኑ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ቆጠራው ካለቀ በኋላም ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በይፋ ይለጠፋል፤ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያነብለትን ይዞ መሄድ ይችላል።