የአፈርን እርጥበት ከጠፈር መለካት፦ ከመዲናት ዛይድ እስከ አል ዐይን

በአቡዳቢ ኤሚሬት ምዕራባዊ ክፍል፣ በአል ዳፍራ ክልል፣ ከመዲናት ዛይድ እስከ ሊዋ ድረስ የተምር እርሻዎች በአሸዋ መካከል ይታያሉ። ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት በዚህ አካባቢ እርሻው በእጅጉ የሚደገፈው በከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ይህም አንዴ ከተቀዳ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ነው። ስለዚህ መሬቱ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ማወቅ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው። ሳተላይቶች የመልሱን አንድ ክፍል ይሰጣሉ።

እርጥበት ከጠፈር እንዴት ይታወቃል?

ማንኛውም መሬት ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር በተፈጥሮው ይለቃል። ውሃና ደረቅ አፈር ግን በኤሌክትሪክ ባሕርያቸው ይለያያሉ፦ ዳይኤሌክትሪክ በሚባለው መለኪያ ውሃ 80 ገደማ ሲሆን ደረቅ አሸዋ 3 ወይም 4 ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አፈሩ በረጠበ መጠን የሚለቀው ጨረር ይቀንሳል።

የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ በኖቬምበር 2009 ያመጠቀው ስሞስ እና የአሜሪካው ናሳ በጃንዋሪ 2015 ያመጠቀው ስማፕ የሚሠሩት ይህን ልዩነት በመለካት ነው። ስማፕ 6 ሜትር ስፋት ባለው አንቴና በሁለት ወይም በሦስት ቀናት ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል።

ሁለተኛው መንገድ ራዳር ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ ከመሬት የሚመለሰውን ይለካል፤ ሌሊትም ሆነ ደመና አያግደውም። ሦስተኛው የመሬትን ገጽ ሙቀት መለካት ነው። ደረቅ አሸዋ በፀሐይ ቶሎ ይግላል፤ ውሃ ያገኘ መሬት ግን በትነት ምክንያት ቀዝቀዝ ይላል።

የበረሃው ፈተና

የስማፕ አንድ መለኪያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይሸፍናል። በዚህ ስፋት ውስጥ አንድ የተምር እርሻ ከአሸዋው ክምር ተለይቶ አይታይም። በተጨማሪም መለኪያው የሚመለከተው በአብዛኛው የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ነው፤ የዘንባባ ሥር ግን ከዚያ እጅግ ጠልቆ ይወርዳል። በጣም ደረቅ በሆነ አሸዋ ውስጥ ሞገዱ ወደ ጥልቁ ስለሚዘልቅ፣ በሰብኻ ደግሞ የአፈሩ ጨው ምልክቱን ስለሚለውጥ፣ ውጤቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ስለዚህ ባለሙያዎች መረጃዎችን ያጣምራሉ። እንደ ሴንቲኔል 1 ያሉ ራዳሮች በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ዝርዝር ያሳያሉ፤ ላንድሳት የመሬቱን ሙቀትና የዕፅዋቱን ልምላሜ ይጨምራል፤ በአፈር ውስጥ የሚቀበር መለኪያ ደግሞ የሳተላይቱን ንባብ ያርማል።

የኤፕሪል 2024 ትምህርት

በኤፕሪል 16 ቀን 2024 በአል ዐይን ኸትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ። ይህም በአገሪቱ መረጃ መመዝገብ ከጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ዝናብ ነው። ከሦስት ቀናት በኋላ ላንድሳት 9 ያነሳቸው ምስሎች በአቡዳቢና በጀበል አሊ ውሃ የተኛባቸውን ቦታዎች አሳይተዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ጥቅሙ ግልጽ ነው። የመሐመድ ቢን ራሺድ የጠፈር ማዕከል የመጀመሪያው የራዳር ሳተላይት የሆነው ኢቲሐድ ሳት በማርች 15 ቀን 2025 መምጠቁ አገሪቱ በዚህ ዘርፍ ያላትን የራሷን ዓይን አጠናክሯል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና አምጥቃለች። እርሻው በአብዛኛው ዝናብ ጠባቂ በሆነበት አገር የአፈር እርጥበት መረጃ ድርቅን ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል።

ሳተላይት የትኛው አካባቢ እየደረቀ፣ የትኛውም ውሃ እንደበዛበት ከሩቅ ይጠቁማል። ለአንዱ ዛፍ ዛሬ ምን ያህል ውሃ እንደሚገባው ግን የሚታወቀው ከሥሩ አጠገብ ባለው አፈር ነው። ውሃን የሚቆጥብ መስኖ ሁለቱንም ይፈልጋል።