ከሞት የተረፈው ልጅ ያድጋል ወይ? ኢትዮጵያና ባንግላዴሽ በዓለም አቀፉ የልማት ግቦች መንገድ

ባሕር ዳር፦ ባንግላዴሽ በቆዳ ስፋቷ ከአማራ ክልል ጥቂት ታንሳለች። በ148 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬቷ ላይ ግን ከ165 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። ይህች በጎርፍና በአውሎ ነፋስ የምትፈተን የደቡብ እስያ ሀገር ከኢትዮጵያ ጋር በብዙ ነገር ትመሳሰላለች። የሁለቱም ሕዝብ ኑሮ በአብዛኛው ከእርሻ ጋር የተሳሰረ ነው። የሁለቱም ስም ለረጅም ጊዜ ከረሃብ ጋር ሲነሳ ኖሯል። ሁለቱም የሕጻናትን ሞት በፍጥነት በመቀነስ በዓለም ዘንድ ምሳሌ ተደርገው ተጠቅሰዋል። በአንድ ጉዳይ ግን ርምጃቸው ተለያይቷል፤ ይኸውም ከሞት የተረፈውን ልጅ በአካልና በአእምሮ አጎልብቶ በማሳደግ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ሀገራት በልማት ግቦቹ መስፈርት ያነጻጽራል፤ ውጤቱ ለጣና ዳርቻ አርሶ አደርና ለከተማ ነዋሪው ምን ትርጉም እንዳለውም ያስረዳል። በጽሑፉ «ዓ.ም» የተባለው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ሌሎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግቦቹ ምንድን ናቸው?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሀገራት በ2000 ባጸደቁት የሚሌኒየም መግለጫ መሠረት ስምንት የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ተቀረጹ። መነሻቸው የ1990 መረጃ፣ ማብቂያቸው ደግሞ 2015 ነበር። ከግቦቹ መካከል የከፋ ድህነትን በግማሽ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ፣ የእናቶችን ሞት ደግሞ በሦስት አራተኛ መቀነስ ይገኙበታል። ጊዜው ሲያበቃ 193 ሀገራት በ17 ዘላቂ የልማት ግቦችና በ169 ዝርዝር ዒላማዎች ተስማሙ። የእነዚህ ማብቂያ 2030 ነው።

ተቀራራቢ መነሻ

ባንግላዴሽ በ1971 ነጻነቷን ያገኘችው ከዘጠኝ ወራት ጦርነት በኋላ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የደረሰው አውሎ ነፋስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቶ ነበር፤ በ1974 ደግሞ ጽኑ ረሃብ ገባ። በዚያው ዘመን ወሎ በ1966 ዓ.ም ረሃብ ተመታ፤ በ1977 ዓ.ም መከራው በሰፊው ተደገመ።

የድህነት ስሌቱም ተቀራራቢ ነበር። በ2000 ገደማ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 44.2 በመቶ፣ ከባንግላዴሽ ሕዝብ 48.9 በመቶ ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 23.5 በመቶና ወደ 24.3 በመቶ ወረደ። እያንዳንዱ ሀገር ወለሉን በራሱ መለኪያ ስለሚያሰላ ቁጥሮቹን እኩል አድርጎ ማየት አይገባም። አቅጣጫቸው ግን አንድ ነው።

የሕጻናት ሞት፦ ቤት ለቤት የተገኘ ድል

በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1 ሺህ ሕጻናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 67 ደረሰ። ኢትዮጵያ ይህንን ግብ ከቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት ቀድማ ማሳካቷ በ2013 ይፋ ሆኗል። በባንግላዴሽ በ1990ዎቹ መጨረሻ 94 የነበረው ሞት በ2014 ወደ 46፣ በ2022 ወደ 31 ዝቅ ብሏል።

ሁለቱም ሀገራት ይህንን ያገኙት ትልልቅ ሆስፒታሎችን በመገንባት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም በጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበች። የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ደመወዛቸውን ከመንግሥት የሚያገኙት እነዚህ ሠራተኞች ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ክትባትን፣ የወባ መከላከያ አጎበርን፣ የቤተሰብ ዕቅድንና የንጽሕና ትምህርትን እስከ ቤት ደጃፍ አደረሱ።

ባንግላዴሽ ደግሞ ከመንግሥት ሠራተኞች ጎን ለጎን በሀገር በቀል ድርጅቶች ላይ ተመሥርታለች። ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን አንኳኩቷል። ሴት አስተማሪዎቹ በተቅማጥ የተያዘ ልጅ የሚጠጣውን የጨው፣ የስኳርና የውኃ ድብልቅ እናቶች በእጃቸው እየለኩ እንዲያዘጋጁ ያስተምሩ ነበር። የአስተማሪዋ ክፍያ የሚወሰነው ባንኳኳችው ቤት ብዛት ሳይሆን ቆይቶ ሲጠየቁ እናቶቹ ትምህርቱን በማስታወሳቸው ልክ ነበር። የጉብኝት ቁጥር ብቻ ሪፖርት ማድረግ ለለመደ አሠራር ሁሉ ይህ ቁም ነገር ነው።

መጸዳጃ ቤት፦ ከባንግላዴሽ የመጣ ትምህርት

በአማራ ክልል ገጠሮች ነዋሪው ተሰብስቦ «ሜዳ ላይ መጸዳዳት ይቁም» ብሎ የሚወስንበት ዘዴ ምንጩ ባንግላዴሽ ነው። በ2000 በራጅሻሂ አካባቢ በምትገኝ አንዲት መንደር የተጀመረው ይህ አሠራር ለመጸዳጃ ቤት ድጎማ ከመስጠት ይልቅ ነዋሪው የሜዳውን ብክለት ራሱ አይቶ እንዲወስን ያደርጋል።

ውጤቱ ትልቅ ነው። በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። በመቶኛ ነጥብ ሲለካ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ የበለጠ የቀነሰ ሀገር አልነበረም። ባንግላዴሽ በበኩሏ ከ34 ወደ 1 አወረደችው።

ይሁን እንጂ ጉድጓድ መቆፈርና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት መኖር የተለያዩ ናቸው። በ2016ቱ ጥናት መሠረት የተሻሻለና ከጎረቤት ጋር የማይጋራ መጸዳጃ ቤት የነበራቸው ከ100 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች 6ቱ ብቻ ናቸው። ወለሉ የማይታጠብ፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ዝንብን አይከለክልም። ዝንቡ ደግሞ ወደ ሕጻኑ ምግብ ይመለሳል።

እናቶች

በዚህ ግብ ሁለቱም ሀገራት የታቀደው ላይ አልደረሱም። በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕጻናት ጋር ሲሰላ በ2000 የ871 እናቶች ሕይወት ያልፍ ነበር፤ በ2016 ስሌቱ 412 ሆኗል። በባንግላዴሽ በ2001 ከነበረበት 322 በ2016 ወደ 196 ወርዷል።

በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 ከ100 አምስቱ ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ለዚህም አምቡላንስ፣ በየጤና ጣቢያው የተዘጋጀው የእናቶች ማቆያ፣ ለወላድ የሚቀርበው ገንፎ ሁሉ ድርሻ አላቸው። መንገድ በሌለበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ የሚሸከመው የመንደር ወጣትም እንዲሁ። በባንግላዴሽ በ2022 በተቋም የወለዱት 65 በመቶ ደርሰዋል። ነገር ግን ከወሊዶቹ 45 በመቶው በቀዶ ሕክምና የተከናወኑ ናቸው። ይህ ለሕክምና ከሚያስፈልገው እጅግ የላቀ በመሆኑ የሀገሪቱን የጤና ባለሙያዎች ራሳቸውን ያሳስባል።

መቀንጨር፦ መንገዱ የተለያየበት

መቀንጨር ማለት ልጅ በተደጋጋሚ ሕመምና በምግብ እጥረት ምክንያት ለዕድሜው ከሚጠበቀው ቁመት በታች መሆን ነው። ጉዳቱ ከቁመት ያልፋል፤ የአእምሮ እድገትን፣ የትምህርት ቅበላንና የጎልማሳነት ጉልበትን ይነካል። ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ የደረሰ ጉዳት በኋላ በሚሰጥ ምግብ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም።

በ2004 ከባንግላዴሽ ሕጻናት 51 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2005 የኢትዮጵያም ቁጥር 51 በመቶ ነበር። በ2019 የኢትዮጵያ 37 በመቶ ሲሆን የባንግላዴሽ 28 በመቶ ሆነ፤ በ2022 ወደ 24 በመቶ ዝቅ አለ። ከአንድ መነሻ የተነሱት ሁለት ሀገራት በዚህ ተራራቁ።

ለአማራ ክልል ነገሩ ይከብዳል። በ2016 በክልሉ ከተለኩት ሕጻናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ይህም ከሀገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በ2019 ወደ 41 በመቶ ቢቀንስም ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ሩዝ በብዛት የሚመረትበት ክልል ይህንን ቁጥር መሸከሙ አንድ ነገር ያሳያል፤ የሞላ ጎተራ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ባንግላዴሽን ምን ረዳት? አጥኚዎች የሚጠቅሷቸው ምክንያቶች ተደጋጋፊ ናቸው። የመጀመሪያው የእናቶች ትምህርት ነው። ከ1994 ጀምሮ በገጠር ሁለተኛ ደረጃ ለሚማሩ ልጃገረዶች ሳያገቡ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ የገንዘብ ድጎማ ይሰጣቸው ነበር። ሁለተኛው የቤተሰብ ዕቅድ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አንዲት እናት በአማካይ ከስድስት በላይ ልጆች ትወልድ ነበር፤ አሁን 2.3 ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አማካይ በ2016 4.6፣ የአማራ ክልል 3.7 ነበር። ሦስተኛው ንጽሕና፣ አራተኛው የገቢ መሻሻል ነው።

ሩዝ፣ ውኃና የልጅ ገበታ

ባንግላዴሽ በነጻነቷ ማግስት ታመርት የነበረው ሩዝ 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ሕዝቧ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ምርቷ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ለዚህ ያበቃት የተሻሻለ ዘርና በበጋ ወራት በትንንሽ የውኃ ፓምፖች የሚመረተው «ቦሮ» የተባለው ሩዝ ነው። ሩዝ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለተስፋፋበት ለፎገራ ሜዳ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የወረታው የሩዝ ምርምር ማዕከል፣ ከሩዝ በኋላ በቀሪው እርጥበት የሚዘራው ጓያ፣ በፓምፕ የሚለማው ሽንኩርት፣ በሜጫ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የተገነባው የቆጋ መስኖ ሁሉ በዚያው አቅጣጫ የተደረጉ ርምጃዎች ናቸው።

ባንግላዴሽ ግን በሩዝ ብቻ አልቆመችም። የዓሣ ኩሬና የዶሮ እርባታ በገጠር በመስፋፋታቸው ዓሣና እንቁላል ለድሃውም ቤት ቀረቡ። በጣና ዳርቻ ዓሣው፣ እንቁላሉ፣ የፎገራ ላም ወተትና አትክልቱ አሉ። ጥያቄው ወደ ገበያ ከሚሄደው ላይ ለሕጻኑና ለነፍሰ ጡሯ የሚቀረው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

የባንግላዴሽ ጉድለቶች

የጎረቤትን መልካም ሥራ መቅዳት ጉድለቱንም አብሮ ከማየት ጋር ነው። ባንግላዴሽ ሕዝቧን ከተቅማጥ ለማዳን ብላ የቆፈረቻቸው ብዙ የቧንቧ ጉድጓዶች አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር እንዳለባቸው በ1993 ታወቀ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ለመርዙ ተጋልጠው ነበር። ውኃ ጥራት ሳይመረመር አይጠጣም የሚለው ትምህርት ከዚህ ይገኛል።

የልጅነት ጋብቻም አልተገታም። በባንግላዴሽ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመታቸው በፊት የተዳሩ ናቸው። በኢትዮጵያ በ2016 ይህ ቁጥር 40 በመቶ ነበር። በዚህ ኢትዮጵያ ትሻላለች፤ ሁለቱም ግን ገና ሩቅ ናቸው።

የቀረው ጊዜ

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2007 ዓ.ም በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕጻናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ወስናለች። የቃል ኪዳኑ ስም ከዚሁ ክልል ከዋግ ኽምራ የተወሰደ ነው። ከ2020 ወዲህ ግን ኮሮና፣ የሰሜኑ ጦርነትና በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጤና ተቋማትንና ትምህርት ቤቶችን ጎድተዋል። ሰላም ለክትባት መርሐ ግብርም፣ ለትምህርት ቤት ደጃፍም ቀዳሚ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ከሁለቱ ሀገራት ተሞክሮ የሚወሰደው ነገር ከሹም አቦ የከተማ ግቢ እስከ ፎገራ የሩዝ ማሳ የሚሠራ ነው። ሕጻኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ከስድስት ወር በኋላ ገንፎው በእህል ዱቄት ብቻ ሳይሆን በወተት፣ በእንቁላል፣ በዓሣ ወይም በጥራጥሬና በአትክልት ይበልጽግ። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ክዳንና በአጠገቡ የእጅ መታጠቢያ ይኑረው። ልጃገረዷ ትምህርቷን ሳትጨርስ አትዳር። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሲቀርብም «ስንት ቤት ተጎበኘ?» ከሚለው ቀጥሎ «ከተለኩት ሕጻናት ስንቱ ለዕድሜያቸው በሚገባ አድገዋል?» የሚለው ጥያቄ ይነሳ። የመለኪያ ሰሌዳው በጤና ኬላው አለ።