የተዳቀለች ላም በደረቅ ቆላ፦ ስለ መውለድና ስለ ዕድገት መታወቅ የሚገባው

ከሊንውድ፣ ሲያትል

ድርቅ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ እስከ 2023 መጀመሪያ አምስት የዝናብ ወቅቶችን በተከታታይ ነጥቆ የቦረናን ከብት ከፈጀ ወዲህ፣ እዚህ ሊንውድ ያሉ ወገኖቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል። «ዶክተር፣ ገንዘብ አዋጥተን ግዙፍ የፈረንጅ ኮርማ ብናስገባና ከአገሩ ላም ጋር ቢዳቀል መንጋው ቶሎ አያገግምም ወይ?» ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ከአገር ከመውጣቴ በፊት እንስሳት እርባታን ለዓመታት ያስተማርኩ እንደመሆኔ፣ ከመዋጮው አስቀድሞ መታወቅ ያለበትን በአጭሩ ላስፍር።

1. ቀዳሚው ነገር መውለድ ነው

የላም እርግዝና 285 ቀን ገደማ ነው። በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ ባሉት 80 ቀናት ውስጥ ማርገዝ ይኖርባታል። በደረቅ ቆላ ግን እነዚህ ቀናት የሚውሉት ጥጃዋን እያጠባች፣ ሣሩ እየመነመነ፣ ውኃውም እየራቀ ባለበት ጊዜ ነው። ሰውነቷ ሲከሳ ኮርማ መፈለጓን ታቆማለች፤ ዓመቱም ያለ ጥጃ ያልፋል።

ግዙፍ ላም ገና ሳትወልድና ሳትታለብ፣ በሕይወት ለመቆየት ብቻ ብዙ መኖ ትፈልጋለች። ለማስረዳት ያህል እኔው በግምት ቁጥር ልስጥ። ከ100 መካከለኛ ላሞች 75 ጥጆች እያንዳንዳቸው 150 ኪሎ ቢደርሱ 11,250 ኪሎ ይሆናል። ከ100 ግዙፍ ላሞች 50 ጥጆች እያንዳንዳቸው 190 ኪሎ ቢደርሱ ግን 9,500 ኪሎ ብቻ ነው። ባለ ትልቁ ጥጃ ከሰረ ማለት ነው።

2. መዳቀል የሚሰጠውና የሚነሳው

ሻኛ ያለው የሐሩር ከብትና ሻኛ የሌለው የአውሮፓ ከብት ሲዳቀሉ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱ ወላጆች አማካይ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ይህ የመዳቀል ብርታት ከዕድገት ይልቅ በመውለድና በጽናት ላይ ጎልቶ ይታያል። ነገር ግን ዲቃላዎቹን እርስ በርስ ካዳቀልናቸው ብርታቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ዝርያ በየትውልዱ እያፈራረቁ ኮርማ ማቅረብ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ያቆያል። የፈረንጁን ኮርማ ደጋግሞ መጠቀም ደግሞ ሙቀትን፣ መዥገርንና ረሃብን የመቋቋም ኃይልን ይሸረሽራል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ቀጣዩ ኮርማ ከየት ይመጣል?» የሚለው ነው።

3. የቦረና ደም በባዕድ አገር

የኬንያ አርቢዎች የቦረናን ከብት መርጠው አርብተው እ.ኤ.አ. በ1951 የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የአውስትራልያ ተመራማሪዎች ከዛምቢያ የቦረና ሽል ወስደው በኩዊንስላንድ ደረቅ አገር ሞከሩት። በአሜሪካም በኔብራስካ፣ ክሌይ ሴንተር፣ ከቦረና ኮርማ የተገኙ ዲቃላዎች በ1990ዎቹ ተመዘኑ። ጥጆቹ ከብራህማን ዲቃላዎች ይልቅ ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ሴቶቹ በመውለድ ግን አልታሙም። እኛ «ደካማ» የምንለውን ዘር ሌላው ዓለም ለመውለዱ ሲል ፈልጎታል።

4. በአገራችን የተሞከረው

የእኛ ማዳቀል ያተኮረው በአብዛኛው በወተት ላይ ነው። በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው ካዱ የፍሪዥያን ዲቃላ ጊደሮችን ለገበሬው አከፋፈለ። የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በባኮ፣ በሆለታ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር ፍሪዥያን፣ ጀርሲና ሲሜንታልን ከቦረና፣ ከሆሮና ከባርካ ላሞች ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ መልካም ውጤት አሳየ። እርስ በርስ በተዳቀለው በሁለተኛው ትውልድ ግን የወተቱ ምርት ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ይህ ሁሉ ተደክሞ፣ በ2021 በወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናት መሠረት ከ70 ሚሊዮን ገደማ ከብት ውስጥ 97 በመቶው የአገር ዘር ነው።

መንግሥታት ሲለዋወጡ ፕሮጀክትም አብሮ ይለዋወጣል፤ የዘር ማሻሻል ግን የአሥርተ ዓመታት ሥራ ነው። በዚያ ላይ የአርብቶ አደሩን ዕውቀት የመናቅ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቦረና ሕዝብ ግጦሹን በእሳት እንዳያጸዳ ተከለከለ። ያልተቃጠለው ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ ሄደ። ሣር በሌለበት የቱም ኮርማ ተአምር አይሠራም።

5. ምን ይደረግ?

አዋጪው ወገን ገንዘቡን በቅድሚያ በሦስት ነገሮች ላይ ቢያውል እመክራለሁ። አንደኛ፣ ለሚያጠቡ ላሞችና ለጥጆች የሚከለለውን ካሎ ማጠናከርና ድርቆሽ ማከማቸት። ሁለተኛ፣ የትኛዋ ላም መቼ እንደወለደችና ጥጃዋ ምን ያህል እንዳደገ መመዝገብ። ሦስተኛ፣ ከምዝገባው በመነሳት በየዓመቱ ከሚወልዱ እናቶች የተገኙ የቦረና ኮርማዎችን መርጦ ማከፋፈል። ማዳቀል ከተፈለገ መኖና ገበያ ባለበት፣ ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆው ማድለቢያዎች ዙሪያ፣ ጥጆቹ በሙሉ ለሥጋ በሚሸጡበት መንገድ ይሁን። በያቤሎ አቅራቢያ እንዳለው ዲድ ቱዩራ ራንች የንጹሕ ዘሩ ማቆያ የሆኑ ቦታዎችን ደግሞ የሚመለከተው ሁሉ ይጠብቃቸው፤ ሕዝቡም ሒሳባቸውን ይጠይቅ። ንጹሕ እናት ካለቀች የሚዳቀል ነገር አይኖርምና።

ለከብቱም ለባለ ከብቱም ዝናብ ይስጥልን። ቸር ይግጠመን።