ስለ ካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክና ስለ ዕርቅ

ትምህርት ብርሃን እንደ ሆነ ሁሉም ይመሰክራል። ነገር ግን መልካም ነገር የክፉ ሐሳብ መሣሪያ በሆነ ጊዜ ጉዳቱ ከግልጥ ክፋት ይብሳል፤ የትምህርት ቤት ስም ሲጠራ የሚጠረጥር የለምና። ለዚህም በካናዳ አገር በነባሮቹ ሕዝቦች ልጆች ላይ የደረሰው ነገር ምስክር ነው።

ከ1883 ዓ.ም. ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የካናዳ መንግሥት ገንዘቡን እየሰጠ፥ የካቶሊክና የአንግሊካን፥ የሜቶዲስትና የፕሬስቢቴርያን አብያተ ክርስቲያናትም እያስተዳደሩ፥ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአገሩ ተስፋፉ። በ1920 ዓ.ም. ልጁን ለትምህርት ቤት የማይሰጥ ወላጅ እንዲቀጣ ሕግ ወጣ። ሕፃናቱ ከእናታቸው እቅፍ ተወስደው ጠጕራቸው ተቈረጠ፤ ብዙዎቹ በስማቸው ፈንታ በቍጥር ተጠሩ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ የተገኙትም ተቀጡ። ነገሩ እንደ ቅኔ ቢፈታ ሰሙ ትምህርት፥ ወርቁ ግን ልጅን ከወገኑ መለየት ነበረ። የመጨረሻው ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ ዓመታት እስኪዘጋ ድረስ 150,000 ያህል ሕፃናት በዚህ አልፈዋል፤ ከእነርሱም ከ4,000 በላይ የሚሆኑት እንደ ሞቱ ተመዝግቧል።

ይህም የሆነው ሳይታወቅ አልነበረም። በ1907 ዓ.ም. ፒተር ብራይስ የሚባል የመንግሥት ሐኪም የሳምባ ነቀርሳ ልጆቹን እየፈጀ መሆኑን መርምሮ ለመንግሥት ጻፈ። የሚሰማው ቢያጣ፥ ከሥራው ከተሰናበተ በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነገሩን አሳትሞ ለሕዝብ ገለጠ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ሕመሙ እስከ ልጅ ልጅ ተላለፈ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በ1993፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ሃርፐር በ2008፥ የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ በ2022 ዓ.ም. ይቅርታ ጠየቁ። ዳኛው ሙሬይ ሲንክለር የመሩት የእውነትና የዕርቅ ጉባኤም ከ6,000 በላይ ሰዎችን ቃል ተቀብሎ፥ በ2015 ዓ.ም. 94 ጥሪዎችን አቀረበ። 62ኛው ጥሪ ይህ ታሪክ ከሕፃናት ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል በግዴታ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ነው።

ቍስሉ በትምህርት ቤት ስለ መጣ መድኃኒቱም በትምህርት ቤት መፈለጉ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ለመምህሩ ቀላል ሥራ አይደለም፤ አያቷ በዚያ ቤት የተቀጣች ሕፃንና ስለዚያ ቤት ከቶ ያልሰማ ሕፃን ባንድ ወንበር ተቀምጠዋልና። እርስዋን እንዳያሳቅቅ፥ እርሱንም ባልሠራው ኃጢአት እንዳይከስ፥ በዕድሜያቸው መጠን መናገር ይገባዋል። ፊሊስ ዌብስታድ በ1973 ዓ.ም. የ6 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ የገዛችላትን ብርቱካንማ ሸሚዝ አዳሪ ቤት በገባች በመጀመሪያው ቀን ተገፈፈች፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ቀን የካናዳ ተማሪዎች ብርቱካንማ ሸሚዝ ይለብሳሉ። ሕፃን የሕግ አንቀጽ ቢነበብለት አያስተውልም፤ ልብሱን የተቀማ ልጅ ኀዘን ግን ይገባዋል። ላደገው ተማሪ ደግሞ የብራይስ ጽሑፍ ይነበብለት፤ አውቆ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ይማርበታል።

ጉባኤው በስሙ እውነትን ከዕርቅ አስቀድሟል። ጥፋት ሳይነገር የሚደረግ ዕርቅ መግሉ ሳይወጣ እንደ ተሸፈነ ቍስል ነው፤ ለጊዜው የዳነ ይመስላል፥ ኋላ ግን ያመረቅዛል።