የንብብር ኒኬል ኦክሳይድ ክሪስታሎችና የአማርኛ ስያሜያቸው፦ ታሪካዊ ምልከታ

ቃል በመዝገበ ቃላት ከመስፈሩ በፊት፥ ነገሩ ራሱ ቀድሞ በሰው እጅ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህም ኒኬል ምስክር ይሆነናል። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተመቱት ሳንቲሞች መካከል ባለ 1ና ባለ 5 መቶኛዎቹ ከመዳብ፥ ባለ 10፥ ባለ 25ና ባለ 50 መቶኛዎቹ ደግሞ ከኒኬል የተሠሩ ነበሩ። ሳንቲሞቹ የደረሱበት ገበያ ሁሉ የማዕድኑን ስም ሳይሰማ ማዕድኑን ዳስሷል ማለት ነው። መዳብና ኒኬል በኪስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ኒኬል 28ኛ፥ መዳብ 29ኛ ነው። ከዚህ በታች የምናወሳው የሳይንስ ታሪክ ከዚሁ ጉርብትና የመነጨ ነው። ዓላማችን ግን ታሪኩን መተረክ ብቻ አይደለም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ለሚቀጥለው የወልድያ፥ የመርሳና የሀብሩ ልጅ ይህን ዕውቀት በምን ቃል እናቀርብለታለን? የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ከተማ ሜርኩሪን እስከ 4.2 ኬልቪን፥ ይኸውም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢያቀዘቅዘው፥ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በድንገት ጠፋ። በሀብሩ መስኖ ያለማ ሰው ይህን በምሳሌ ሊረዳው ይችላል። በአፈር ቦይ የሚሄድ ውሃ በየመንገዱ እየሰረገ ይጎድላል፤ ተራ ሽቦም እንዲሁ ከሚያስተላልፈው ኃይል ከፊሉን በሙቀት መልክ ያባክናል። ኦነስ ያገኘው ግን ጠብታ እንኳ የማይሰርግበትን ቦይ የሚመስል ነገር ነበር።

የዚህ ባሕርይ የአማርኛ ስም «ልዕለ አስተላላፊነት» ቢባል ተገቢ ነው እንላለን። «እጅግ አስተላላፊ» ማለት ስሕተት ያመጣል፤ «እጅግ» የመጠን ቃል ነውና ጉዳዩን በጥሩና በጣም ጥሩ ሽቦ መካከል ያለ ልዩነት ያስመስለዋል። ተቃውሞ አነሰ ማለትና ተቃውሞ ጠፋ ማለት ግን አንድ አይደለም። ፈረንሳይኛ ለዚህ ባሕርይ «ሱፕራ» የሚል ቅጥያ መምረጡም ከመጠን ይልቅ ከወሰን ማለፍን ያመለክታል። የግእዙ «ልዕለ» ይህንኑ «በላይ መሆን» ይይዛል፤ «ልዑል» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሁሉ ሥሩን አይስተውም። የዋድላን የቅኔ ትምህርት ላፈራ አገር ደግሞ ግእዝ ባዕድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1986 በድኖርዝና ሙለር በዙሪክ ባደረጉት ምርምር ልዕለ አስተላላፊነትን በመዳብ ኦክሳይድ ውስጥ፥ ከቀድሞው በበለጠ ሙቀት አገኙ፤ በማግሥቱም ዓመት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የተመራማሪዎች ዐይን ወደ ጎረቤቱ ወደ ኒኬል ዞረ። ምክንያቱም ኒኬል አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲሰጥ፥ የቀሩት ኤሌክትሮኖቹ አሰላለፍ ሁለት ኤሌክትሮኖች የሰጠውን መዳብ ይመስላል። የስሙ ታሪክም ከዚህ ጋር ይገጥማል። የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች መዳብ የሚመስል፥ ነገር ግን መዳብ የማይወጣው ድንጋይ ቢያስቸግራቸው «ኩፕፈርኒክል» አሉት፤ ተንኮለኛ መንፈስ መዳቡን ነሣን እንደ ማለት ነው። ስዊድናዊው ክሮንስቴት እ.ኤ.አ. በ1751 አዲሱን ንጥረ ነገር ሲለይ ስሙን ከዚሁ አሳጠረው። መዳብን መምሰል እንግዲህ የኒኬል የጥንት ጠባዩ ነው።

ተስፋው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዳንፈንግ ሊ፥ ሃሮልድ ህዋንግና ባልደረቦቻቸው ኒዮዲሚየም፥ ስትሮንቲየም፥ ኒኬልና ኦክስጅን ያሉበትን ስስ ክሪስታል በሌዘር ብርሃን ገነቡ። ቀጥሎም ከካልሲየም ሃይድራይድ ጋር ዘግተው ከ260 እስከ 280 ዲግሪ ባለው መካከለኛ ሙቀት አቆዩት። ካልሲየም ሃይድራይዱ ከኒኬል ሉሆች መካከል ያለውን ኦክስጅን አውጥቶ ሉሆቹን በቦታቸው ተዋቸው። የተገኘው ክሪስታል ከ9 እስከ 15 ኬልቪን ባለው ቅዝቃዜ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ቃላት ውሳኔ ይሻሉ። አንደኛው የሉሆቹን አቀማመጥ የሚገልጸው ነው። «ድርብርብ» ብንል የተከመረ ሁሉ ይገባበታል። «አነባበረ» የሚለው ግሥ ግን ሉህን በሉህ ላይ በሥርዓት ማስቀመጥን ያመለክታል። «አነባበሮ» የምንለው ምግብም እንጀራ፥ በመካከል ቅቤና ድልህ፥ እንደገና እንጀራ ነው። ክሪስታሉም ኒኬልና ኦክስጅን ያሉበት ሉህ፥ በመካከል ሌላ አቶም፥ እንደገና ሉህ ነው። ስለዚህ «ንብብር ክሪስታል» የሚለውን እንመርጣለን። ውሕዱም ሰልፌትና ናይትሬት ባገኙት ፈር «ኒኬሌት» ይባል።

ሁለተኛው ኦክስጅንን የማውጣቱ ስም ነው። «ቅነሳ» ቢባል ተማሪው የሒሳብ ስሌት ይመስለዋል፤ የቀረው ነገር ቅርጹን ስለ መጠበቁም ቃሉ አንዳች አይናገርም። አማርኛ ግን እሾህን ከሥጋ ለይቶ ለማውጣት «ነቀሰ» የሚል ግሥ አለው። የወጣው እሾህ ነው፤ እግሩ ባለበት ይቀራል። «ንቅሳት» የሚለው ስም በአንገትና በድድ ላይ ለሚደረገው ጌጥ ተይዟልና አይበጅም፤ «ኦክስጅን ነቀሳ» ግን ትርጉሙ የጠራ ነው።

«ክሪስታል» የሚለውን ራሱን ለመተካት የሚሞክርም ይኖራል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ራእይ በዚህ ቦታ «ብርሌ» ይላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ብርሌ ለማንም ሰው የጠጅ መጠጫ ነው። ከዚህም በላይ ብርሌ የሚሠራበት ብርጭቆ በሳይንስ አነጋገር ክሪስታል አይደለም፤ አቶሞቹ ሥርዓት የላቸውምና። እዚህ ላይ የውጪውን ቃል መያዝ ይሻላል።

ከ2019 ወዲህ ነገሩ ገፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና ሱን ያት ሴን ዩኒቨርሲቲ የሜንግ ዋንግ ቡድን ላንታነም ያለበት ሌላ ኒኬሌት በ80 ኬልቪን ገደማ ልዕለ አስተላላፊ መሆኑን አስታወቀ። ይህ ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሚፈላበት ከ77 ኬልቪን ያልፋል፤ ለማቀዝቀዝም ርካሹ ናይትሮጅን ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን የተገኘው ከምንተነፍሰው አየር ግፊት በ140,000 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ግፊት ነው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከዚሁ ወገን የሆነ ስስ ክሪስታል ያለ ተጨማሪ ግፊት፥ በ40 ኬልቪን አካባቢ ባሕርይውን አሳየ።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1989 ዓ.ም. ነው። እዚህ ያነሣናቸው የልዕለ አስተላላፊነት ግኝቶች ሁሉ፥ ከሜርኩሪውና ከመዳብ ኦክሳይዱ በቀር፥ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። በወልድያ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረውና በመርሳም ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ፥ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ሲደርስ ንብረቱ ተዘርፏል፥ ወድሟል። የጠፋ መሣሪያ ገንዘብ ሲገኝ በግዢ ይተካል። ቃል ግን ከውጭ ተገዝቶ አይመጣም፤ ተናጋሪው ራሱ ካላበጀው ሌላ የሚያበጅለት የለም። ቃል ያጣ ተማሪ ደግሞ የእንግሊዝኛውን ስም በቃሉ ይይዛል እንጂ ነገሩን አያስብበትም። አነባበሮን ከእናቱ ማዕድ፥ ስርገትን ከአባቱ ቦይ የሚያውቅ የሀብሩ ልጅ ግን የዚህን ሳይንስ ግማሽ መንገድ ሳያውቀው ሄዷል። የቀረውን ግማሽ የሚያሻግሩት «ልዕለ አስተላላፊ»፥ «ንብብር ክሪስታል»፥ «ኒኬሌት»ና «ኦክስጅን ነቀሳ» በመምህራንና በሊቃውንት ተመርምረው ለሚቀጥለው መዝገበ ቃላት ይቀርቡ ዘንድ እናሳስባለን።